ክብደትን ቀንሶ በዚያው መጽናት፦ ከአመለካከት እስከ ዕለታዊ ልማድ

«ወፈርክ፣ ተመቸህ!» ማለት በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኘ ዘመድ «ፊትህ ሞላ» ሲባል ደስ ይለዋል፤ «ከሳህ» ከተባለ ግን ታምሞ ወይም ተቸግሮ እንደሆነ ጥያቄ ይከተለዋል። ይህ አመለካከት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ድርቅንና ርሃብን ደጋግሞ ያየ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሰውን እንዴት እንደሚያመነምን የሚያውቅ ማኅበረሰብ ሥጋ መልበስን የደኅንነት ምልክት አድርጎ ቢወስድ አያስገርምም። ችግሩ ይኸው ዓይን ለደም ግፊት፣ ለስኳር ሕመምና ለልብ በሽታ የሚያጋልጠውን ውፍረትም በተመሳሳይ ደስታ መቀበሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የዕድሜ ክልል ውስጥ ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች ክብደት እንዳላቸው፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ እንደሆኑ አሳይቷል። የከተማና የገጠር ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ በከተማ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች 21 በመቶ ሲደርሱ በገጠር 4 በመቶ ነበሩ። በአንድ አገር፣ አልፎ አልፎም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ የምግብ እጥረትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ክብደት የመቀነስ ምክር ለሁሉም የሚሰጥ ምክር አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «መቀነስ ያስፈልገኛል ወይ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ሚዛን የሌለው ሰው እንኳ በቤቱ መልስ ሊያገኝ ይችላል። አንድ ክር ከራስ ጫፍ እስከ ተረከዝ ለክቶ መቁረጥ፣ ከዚያም ክሩን ለሁለት አጥፎ ወገብን እምብርት አካባቢ መለካት በቂ ነው። የታጠፈው ክር ወገብን ዞሮ ከገጠመ መልካም፤ ካልደረሰ በሆድ ዙሪያ የተከማቸው ስብ ለጤና አስጊ ወደሚሆንበት ደረጃ እየተጠጋ ነው። በሆድ ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማች ስብ በዳሌና በጭን ላይ ከሚቀመጠው ይልቅ ጎጂ በመሆኑ እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ያወጣ ሰውም ከዚህ ስጋት ነፃ አይደለም። ሚዛንና ሜትር የሚያገኝ ሰው ደግሞ ኪሎውን ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚያስገኘው ቁጥር ያካፍላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነና 78 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውጤቱ 28.7 ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች 25ና ከዚያ በላይ ያለውን ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30ና ከዚያ በላይ ያለውን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይለዋል።

ሞፈሩ ሲቀር ገበታው አይቀርም

ውፍረት የከተማ ሰው ጣጣ ብቻ ተደርጎ መወሰዱ ልክ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ጠምዶ እስከ ረፋድ የሚያርስ፣ ለገበያ ሰዓታት የሚጓዝ አርሶ አደር፣ ወይም ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እህል ፈጭታ የምታድር እናት የሚበሉት በሥራቸው ልክ ነው። ያው ሰው ወደ ከተማ ገብቶ ሱቅ ሲከፍት፣ ጥበቃ ሲቀጠር ወይም ባጃጅ መንዳት ሲጀምር የሚተወው ሞፈሩን ነው፤ የእንጀራውን ቁጥር አይተውም። በገጠሩም ቢሆን ወፍጮው ሲቀርብ፣ ቧንቧው ደጅ ሲደርስ፣ ሞተር ብስክሌት እግርን ሲተካ የሰውነት ልፋት ይቀንሳል። ይህ ሁሉ መልካም ለውጥ ነው፤ ማንም ወደ ድንጋይ ወፍጮ ይመለስ የሚል የለም። ሆኖም በልጅነት የተለመደው የገበታ ልክ ከአዲሱ ሥራ ጋር አብሮ ካልተለወጠ የተረፈው ኃይል ስብ ሆኖ ይቀመጣል።

ወቅትም የራሱ ድርሻ አለው። በክረምት ሥራ ይበዛል፣ ጎተራውም ይሳሳል። ከመኸር በኋላ ደግሞ ሥራው ሲቀንስ እህሉ ይገባል፣ የጥር ሠርግና ድግስ ይከተላል። ወጣት ሳለ ሰውነት ይህን መውጣትና መውረድ ሳይቸገር ይሸከመዋል። ዕድሜ ሲገፋና ልጆች ሥራውን ሲረከቡ ግን በጥር የተጨመረው ኪሎ በክረምት መውረዱን ያቆማል።

በፍጥነት የወረደ ለምን ይመለሳል?

«በሳምንት 7 ኪሎ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ሙሉ በሙሉ ውሸት ባለመሆናቸው ያታልላሉ። ምግቡን በድንገት የቆረጠ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ብዙ ሲወርድ ያያል። የወረደው ግን አብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነት ለፈጣን ፍጆታ በጉበትና በጡንቻ የሚያስቀምጠው የስኳር ክምችት አለ፤ እያንዳንዱ ግራም ከሱ ጋር 3 ግራም ገደማ ውኃ ይይዛል። ክምችቱ ሲሟጠጥ ውኃውም አብሮ ይወጣል፤ ሰውየው እንደ ቀድሞው መብላት ሲጀምር ሁለቱም ይመለሳሉ። በላስቲክ ተጠቅልሎ ማላብም እንዲሁ ነው፤ የወጣው ላብ በአንድ ጆግ ውኃ ይተካል።

ከውኃው ባሻገር ያለው ምክንያት ጠለቅ ያለ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው አንሰል ኪስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወራት ምግብ እንዲቀንሱ አድርጎ ነበር። ዓላማው በጦርነት የተራቡ ሰዎችን ለማዳን የሚረዳ ዕውቀት መሰብሰብ ነበር። ወጣቶቹ ሲከሱ ከክብደታቸው በተጨማሪ ጠባያቸውም ተለወጠ። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ያነቡ፣ ስለ ምግብ ያልሙ ጀመር፤ ተበሳጭተዋል፣ ደብቷቸዋል። ሙከራው ሲያበቃ ብዙዎቹ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ ረሃቡ አልለቀቃቸውም።

በአውስትራሊያ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት የዚህን አንድ ምክንያት አሳይቷል። ለ10 ሳምንታት በጣም አነስተኛ ምግብ እየበሉ ክብደት የቀነሱ ሰዎች ከዓመት በኋላ ሲመረመሩ በደማቸው ውስጥ የሚገኙት የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖች ገና ወደ ቀድሞ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር። ሰውነት የከሳ ባለቤቱን እንደ ድርቅ ተጎጂ ቆጥሮ «ብላ» እያለ ይወተውተዋል ማለት ነው።

ክብደቱ የተመለሰበትን ሰው «ሆዳም ነህ»፣ «ወኔ የለህም» ማለት ከዚህ አንጻር ሲታይ ትክክል አይደለም፤ ጥቅምም የለውም። በክብደታቸው የሚዘለፉ ሰዎች ይበልጥ እንደሚበሉ፣ በሰው ፊት መንቀሳቀስና ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚያፍሩ ጥናቶች ያመለክታሉ። አንዲት እናት ከወሊድ በኋላ በገንፎና በአጥሚት ተንከባክበው ያወፈሯት ዘመዶቿ ከዓመት በኋላ «ሰውነትሽን ጣልሽው» ብለው ሲተቿት የሚሰማትን መገመት አያዳግትም።

ግብን ማሳነስ

ጤናማ አስተሳሰብ የሚጀምረው ከግቡ ልክ ነው። ላይ የተጠቀሰው 78 ኪሎ የሚመዝን ሰው የምጣኔ ሰንጠረዡን ካየ 10 ኪሎ ያህል መቀነስ እንዳለበት ያስባል፤ የሠርግ ፎቶውን ካየ ደግሞ 20 ኪሎ ያልማል። ነገር ግን ለጤና የሚጠቅመው ለውጥ ከዚህ ብዙ ቀድሞ ይጀምራል።

ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የስኳር ሕመም መከላከያ ጥናት ነው። የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ገና ግን ታማሚ ያልሆኑ 3,234 ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በዚህ ቡድን በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድል ማስመሰያ እንክብል ከተሰጠው ቡድን በ58 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት በወሰዱት ላይ የታየው ቅናሽ 31 በመቶ ነበር። የብዙዎቹ ክብደት በኋላ በከፊል ቢመለስም ከ10 ዓመት በኋላ እንኳ በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው 34 በመቶ ያነሰ ነበር። ለ78 ኪሎው ሰው 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ተኩል ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢወርድ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። ጎረቤት ላያስተውለው ይችላል፤ የደም ግፊት መለኪያው ግን ብዙ ጊዜ ያስተውለዋል።

ሁለተኛው የአስተሳሰብ ወጥመድ «አንዴ ተበላሽቷል» የሚለው ነው። ሰኞ የጀመረ ሰው ሐሙስ ለቅሶ ቤት ወይም ማኅበር ይጠራል፤ ከልኩ በላይ ይበላል፤ «እንግዲህ ከሚቀጥለው ወር እጀምራለሁ» ብሎ ይተወዋል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 96 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አንድ አዲስ ድርጊት ሳይታሰብ የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን የወሰደውን ጊዜ ተከታትሎ ነበር። አማካዩ 66 ቀን ሆነ፤ አንዳንዱ በ18 ቀን ሲለምድ ሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተገምቷል። ጥናቱ እንዳሳየው አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መሥረት እምብዛም አልጎዳውም።

ስኳሩ፣ ዘይቱና ጉርሻው

አዲስ ነገር ለመልመድ ቀላሉ መንገድ ድሮ የተለመደ ነገር ላይ መለጠፍ ነው። በኢትዮጵያ ቡናን ያህል ሰዓቱን የሚያከብር ልማድ ጥቂት ነው። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው አቦል፣ ቶናና በረካ ሲጠጣ 6 ማንኪያ፣ ማለትም 24 ግራም ያህል ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢበዛ 50 ግራም ገደማ የተጨመረ ስኳር፣ ከተቻለም ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ቡናው በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ ሻይና ለስላሳ መጠጥ ሳይቆጠሩ ጣሪያው ይነካል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 8 ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። ማንኪያውን በአንድ ጊዜ ከሁለት ወደ ባዶ ማውረድ ቡናውን ያስጠላል፤ በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ማንኪያ እየቀነሰ የሄደ ሰው ግን ምላሱ ሳያውቅ ግማሹን ይተዋል።

ከስኳር ይልቅ ተደብቆ የሚገባው ዘይት ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲይዝ የእህልና የሥጋ ዋና ንጥረ ነገሮች በግራም 4 ካሎሪ ብቻ አላቸው። እያንዳንዱ ቤት ልኩን በቀላሉ ሊያሰላ ይችላል። አራት ሰዎች የሚኖሩበት ቤት 5 ሊትር ዘይት በአንድ ወር ከጨረሰ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 345 ካሎሪ ገደማ፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘይት ይደርሰዋል። ጀሪካኑ አርባ ቀን እንዲቆይ ማድረግ ማንንም አያስርብም። ሽንኩርትን በጥቂት ውኃ እያቁላሉ ዘይቱን በኋላ በማንኪያ ለክቶ መጨመር፣ ከጀሪካን በቀጥታ አለመገልበጥ በቂ ነው። በጾም ወቅት ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሥጋና ቅቤ ስለቀሩ ምግቡ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ሳምቡሳው፣ ቦምቦሊኖውና ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ ግን ከፍስኩ ሊበልጥ ይችላል። ጾም የክብደት መቀነሻ ዘዴ አይደለም፤ የራሱ ዓላማ ያለው ሥርዓት ነው። ሆኖም ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ቀይ ሥር የሚቀርቡበት የጾም ገበታ፣ ዘይቱ ከተመጠነ፣ ከአገሪቱ ምግቦች ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ተስማሚው ነው። ጥራጥሬና አትክልት በአሰር የበለጸጉ በመሆናቸው ሆድን ቶሎ ይሞላሉ፣ ጥጋቡም ይቆያል።

እንጀራ ራሱ ጠላት አይደለም። ጤፍ ከነገለፈቱ የሚፈጭ በመሆኑ አሰርና ብረት አለው። አስቸጋሪው ልኩ ነው፤ ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት የራስን ድርሻ ከዓይን ይሰውራል። አብሮ መብላቱን ትቶ ለየብቻ ሳሕን መያዝ ለብዙ ቤተሰብ የሚዋጥ ሐሳብ አይደለም፤ መዋጥም የለበትም። የሚሻለው ለራስ የሚበቃውን ያህል እንጀራ አስቀድሞ ወስኖ ከሱ ላይ መጀመር፣ ከወጡ አትክልቱን ማስቀደም፣ ሲጨርሱ ጥቂት ሳይጨምሩ መቆየት ነው። የጥጋብ መልእክት ከሆድ ወደ አእምሮ ለመድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በችኮላ የሚበላ ሰው መልእክቱ ሳይደርሰው ሁለተኛውን እንጀራ ያጋምሳል።

ከባዱ ነገር ምናልባት «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ነው። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ እምቢ ማለት ጋባዥን ያስቀይማል። አንዷን በደስታ ተቀብሎ በሁለተኛዋ ላይ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ማመስገን፣ ወይም የሐኪም ትእዛዝ መሆኑን ለባለቤቲቱ አስቀድሞ በጆሮ መንገር ብዙ ጊዜ ይሠራል። ጋባዡም ቢሆን እንግዳውን ማክበር የሚችለው በማስጨነቅ ብቻ አይደለም። በቤት ውስጥም አባወራው ስኳር አለብህ ስለተባለ ለእሱ ብቻ የተለየ ወጥ መሥራት የሚስትን ድካም ከመጨመር አልፎ ብዙም አይዘልቅም። ዘይቱ ለሁሉም ሲቀንስ፣ ጎመኑ ለሁሉም ሲቀርብ ልማዱ የቤቱ ይሆናል፤ ልጆችም ከዚያው ይማራሉ።

እግር

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ለሚያርስ ወይም ለሚያጭድ ሰው ይህ ቁጥር በአንድ ቀን ይሞላል። ለባለሱቁ፣ ለቢሮ ሠራተኛውና ለሾፌሩ ግን መፈለግ አለበት። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ጸሎት ቦታ በእግር መሄድ፣ ከጠዋቱ ቡና ቀጥሎ ሰፈሩን መዞር ገንዘብ አይጠይቅም።

ሆኖም እግር ብቻውን ሆድን አያሸንፍም። አንድ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ የሚያቃጥለው ኃይል ከሁለት እስከ ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ የሚሰጠውን ያህል ነው። የእንቅስቃሴ ትልቁ ጥቅም ክብደቱ ከቀነሰ በኋላ ይታያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ 13 ኪሎ ተኩልና ከዚያ በላይ ቀንሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት የጸኑ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። የቀነሱባቸው መንገዶች ልዩ ልዩ ናቸው፤ በጸኑበት መንገድ ግን ይመሳሰላሉ። አብዛኞቹ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ ቁርስ ይበላሉ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ። ሚዛን በሌለበት ቀበቶ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ባለቤቱ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ላይ እያለ ያውቃል።

እንቅልፍም ሊረሳ አይገባም። አዘውትሮ ከሰባት ሰዓት በታች የሚተኛ ሰው ረሃቡ ይጨምራል፣ ጣፋጭና ቅባታም ምግብም ይበልጥ ያምረዋል። ሌሊት የሚሠሩ ጥበቃዎችና ሾፌሮች ለውፍረት የሚጋለጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከመጀመር በፊት መጠየቅ ያለባቸው

በየገበያውና በማኅበራዊ ሚዲያ «ቦርጭ አጥፊ» እየተባሉ የሚሸጡ ሻዮችና እንክብሎች ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ወይም ሽንት የሚያበዙ ናቸው፤ ከሰውነት የሚያስወጡት ውኃና ጠቃሚ ጨዎችን ነው። የከፋም አለ። ሲቡትራሚን የተባለው የምግብ ፍላጎት ቀናሽ መድኃኒት ለልብ ድካምና ለስትሮክ በማጋለጡ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ቢሆንም «ከዕፅዋት ብቻ የተዘጋጀ» በሚሉ ምርቶች ውስጥ ተደባልቆ በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ዝንጅብልና ሎሚ በባዶ ሆድ መጠጣት ለብዙ ሰው ጉዳት ባይኖረውም ስብ አያቀልጥም፤ ጨጓራ ያለበትን ግን ያሳምመዋል።

ነፍሰ ጡር ሴት ክብደት ለመቀነስ የምትሞክርበት ጊዜ አይደለም፤ የምታጠባ እናትም ምግቧን በብርቱ መቁረጥ የለባትም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ያለ ባለሙያ ክትትል ምግቡ ሊቀነስበት አይገባም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡን ቢቀንስ የደም ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ ማላብና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

ከሁሉ በላይ ሳይፈልግ፣ ሳይሞክር የከሳ ሰው በመክሳቱ ሊደሰት አይገባም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ትኩሳት አብሮት ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ውኃ ጥምና ሽንት መመላለስ ከበዛበት የስኳር ሕመም፣ ልብ እየመታ እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ሆነ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል።